ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ የተጻፉ ሦስት መጻሕፍት

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሥራዬ የሰው የሕይወት ታሪክ መጻፍ ሆነ። አስቤበት አልገባሁበትም። አንድ ጎረቤታችን ሲያርፉ ልጆቻቸው ቀብር ላይ የሚነበብ ነገር ጻፍልን አሉኝ፤ ሠላሳ ዓመት ታሪክ ያስተማረ ሰው ይህችን አይነፍግም ብዬ ጻፍኩ። ሌላው ሲያርፍ እንደገና ተጠራሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሐኪም ጋራ ግርጌ ካለው ሰፈራችን ለቀብር የሚወጣ ክርስቲያን ሁሉ በእኔ ወረቀት ላይ አልፎ የሚሄድ ሆነ። ታታሪ፣ ቸር፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ልጆቹን በሥርዓት ያሳደገ። ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም። ሚስቱን ሲደበድብ የኖረውን ሰው ሳይቀር "ለትዳሩ ታማኝ" ብዬ ጽፌለታለሁ፤ ሚስቱ ከፊት ተቀምጣ እየሰማችኝ።

ይህን የማነሳው፣ በኋላ ወደምነግራችሁ ነገር ድንገት እንዳልገባሁ እንዲታወቅ ነው። እጄ ቀድሞ ለምዶ ነበር።

አንድ ጠዋት ከጁገል፣ ከግንቡ ውስጥ ካለችው አሮጌ ከተማ፣ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ቤቴ ድረስ መጡ። መካ ደርሰው የመጡ ሰው ስለሆኑ ሁሉም ሐጂ ይሏቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ከልጆቻቸው አንዱን አስተምሬው ነበር። ቅድመ አያታቸው በዘመናቸው ስማቸው ከሐረር አልፎ የተሰማ የእጅ ጽሑፍ ሰው ነበሩ። በእኛ በኩል ቁም ጸሐፊ እንደምንለው ማለት ነው፤ ቁርኣንና ኪታብ በእጃቸው እየገለበጡ፣ እያስተማሩ የኖሩ ሊቅ።

"ልጆቻችን አያውቋቸውም" አሉኝ ሐጂ። "በአማርኛ ይጻፍና ሁሉም ያንብበው። ቤተሰቡ ያሳትመዋል። ስምዎ ሽፋኑ ላይ ይወጣል።"

የመጨረሻይቱን ቃል ሲናገሩ ልጄ ሻይ ይዛ ስትገባ አላየኋትም፤ ሻዩንም መጠጣቴን አላስታውስም። ዕድሜ ልኬን ሌሎች የጻፏቸውን መጻሕፍት ሳስተምር ኖሬአለሁ። በስሜ የወጣ አንድ ገጽ አልነበረኝም።

እሺ አልኩ።

መጻሕፍቱን ያየሁት በሐጂ ቤት ነው። ሰባት ናቸው። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለው በእንጨት ሣጥን ተቀምጠዋል። ዐረብኛ ስለማላነብ የሰፈሩ ሼኽ አብረውኝ ተቀመጡ፤ እያንዳንዱን ቀስ ብለው እየገለጡ የሚለውን ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። አራቱ የሊቁ ዓይን ጤነኛ በነበረበት ጊዜ የተጻፉ ናቸው። ሦስቱ ግን ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ነው። ከተማው በሙሉ የሚያወራውም ስለ እነዚህ ሦስቱ ነበር፤ ሊቁ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ በከራማ፣ አላህ ለወዳጆቹ በሚሰጠው ጸጋ፣ ጻፏቸው ይባላል። ከሰባቱ የሚያምሩትም እነዚያው ሦስቱ ናቸው። መስመሩ እንደ ገመድ የተወጠረ ነው። ቀዩ ቀለም ትናንት የደረቀ ይመስላል።

ፊደሉን ባላውቅም ዓይን አለኝ። ብዙ የተማሪ ፈተና ያረመ ሰው፣ ማን ከማን እንደቀዳ፣ ማን ለማን እንደጻፈለት ያውቃል። አራተኛውንና አምስተኛውን መጽሐፍ ጎን ለጎን አድርጌ፣ "ሼኽ፣ ይሄና ይሄ የአንድ ሰው እጅ ነው?" አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። "እኔ የማነበው የተጻፈውን ነው። ማን እንደጻፈው አላህ ያውቃል" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አላነሱም።

የሊቁን ዘመን የሚያስታውስ ሰው አለ ወይ ብዬ ሳጠያይቅ የሐጂ አክስት እንዳሉ ሰማሁ። በትክክል አክስት አይደሉም፤ የአባታቸው የአክስት ልጅ ናቸው፣ የሊቁ የሴት ልጅ ልጅ። ዘጠና ሊሞላቸው የተቃረቡ፣ የሊቁ ዕጣ ለእሳቸውም ደርሶ ዓይናቸው የጠፋ አሮጊት። ከጁገል ቀጭን መንገዶች በአንዱ ጥግ፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ልጅቷ ድሬ ጠያራ ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ ጠዋት ከሸዋ በር ሚኒባስ ይዛ ትሄዳለች፣ ማታ ትመለሳለች። ቀን ቀን እሳቸው ብቻቸውን ናቸው።

ስገባ ከቀይ መደባቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነበር። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው፣ "የወታደሩ ልጅ ነህ አይደል? ከግንቡ ውጪ የነበረው" አሉኝ። አባቴ ከሞተ አርባ ዓመት አልፎታል። አማርኛቸው የቤታቸውን ቋንቋ ለዛ የያዘ፣ ቀስ ያለ ነበር።

ስለ አያታቸው ጠየቅኳቸው። ደግ እንደነበሩ፣ ድምፃቸው እንደሚያምር፣ ልጆች ሲሳሳቱ በአርጩሜ ሳይሆን በዝምታ እንደሚቀጡ ነገሩኝ። ሁሉንም ጻፍኩ። ከዚያ ስለ ሦስቱ መጻሕፍት አነሳሁ።

ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

"ሐጂ ምን አለህ?"

"በከራማ ጻፉት አሉኝ።"

"ወላሂ፣ ከራማን አልክድም" አሉ። "አያቴ የአላህ ወዳጅ ነበሩ። ግን ቀለሙን የምትበጠብጠው እናቴ ነበረች። መቃውን የምትቀርጸው እናቴ ነበረች። እሳቸው በቃላቸው ይሉታል፣ እሷ ትጽፈዋለች። ቁርኣኑን እንደ ውሃ ነው የሚያውቁት፤ ዓይን ምን ይሠራላቸዋል? እጅ ነው ያጡት። እጃቸው እናቴ ሆነች።"

እናታቸው በልጅነቷ ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣ ወንዶቹ ሲማሩ እየሰማች ፊደሉን ለቀመችው። የአባቷ ዓይን መድከም ሲጀምር አንድ ቀን የጀመሩትን መስመር ጨረሰችላቸው፤ እሳቸውም በጣታቸው ዳስሰው ምንም አላሉም። በማግሥቱ ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። ለአሥራ አንድ ዓመት እንዲያ ሠሩ። ከሰዓት በኋላ፣ በላይኛው ክፍል፣ በሩ ተዘግቶ። ለውጪ ሰው አልተነገረም። የጥላሸቱ ቀለም ከጣቶቿ ስለማይለቅ ሠርግ ስትጠራ እጇን ሂና ትነክር ነበር፤ ሴቶቹ ሂና የምትወድ ሴት ይሏታል።

"እንደሞተች ሲያጥቧት አይቻለሁ" አሉኝ። "ልጅ ነበርኩ። የዚች ጣቷ ጥግ" የራሳቸውን የመሐል ጣት ያዙ፣ "ጥቁር ነበር። ቢያሹት ቢያሹት እንቢ አለ። እንደዚያው ቀበሯት።"

ከዚያ ከትራሳቸው ሥር አንድ የተጣጠፈ ጨርቅ አወጡ። በውስጡ አንዲት ቅጠል ወረቀት አለች፤ ጠርዟ የተበላ። እናታቸው ብዕር ስትቀርጽ የምትሞክርባት ወረቀት ናት። አንድ ዐረፍተ ነገር ደጋግማ ጽፋባታለች፣ ከሥሩ ደግሞ ስሟን። ዕድሜዋን ሙሉ ስሟን የጻፈችባት ቦታ ይህች ብቻ ናት አሉኝ።

"ውሰዳት። ከመጽሐፎቹ ጋር አስተያያት። ዓይን ያለው ሰው ያያል።" እጄን ፈልገው ያዙ። "ለሐጂ ነግሬው አልሰማኝም። ለአባቱም ነግሬው ነበር። አንተ የተማርክ ሰው ነህ፣ ስሟን ጻፍልኝ። ሌላ ነገር ከዱንያ አልፈልግም።"

"እጽፋለሁ እማማ" አልኩ። "ቃሌ ነው።"

ስለ እሷ የሚናገረውን ምዕራፍ በሁለት ሳምንት ጻፍኩት። በሕይወቴ የጻፍኩት ጥሩ ነገር ቢኖር እሱ ነው። ቀብር ላይ የለመድኳቸው ቃላት አንዳቸውም አልገቡበትም። ወረቀቷን ወስጄ ከአምስተኛው መጽሐፍ አጠገብ ሳስቀምጣት ሼኹም አዩ፣ እኔም አየሁ። አንዲት ፊደል ወደ ታች ወርዳ ስትታጠፍ ጭራዋ ትንሽ ወደ ላይ ይመለሳል፤ በወረቀቷም ላይ፣ በሦስቱም መጻሕፍት ላይ እንደዚያው ነው። በአራቱ ላይ የለም።

ምዕራፉንና ወረቀቷን ለሐጂ ሰጠኋቸው። ማስታወሻ ደብተሬንም ጨምሬ። ሲያነቡት ያምናሉ ብዬ ነው። ወረቀቷን ግን በእጄ ይዤ ማሳየት፣ መልሼ መውሰድ እችል ነበር። ይህን ስንት ጊዜ ለራሴ እንዳልኩት አልቆጥረውም።

በሦስተኛው ቀን ሱቃቸው ጠሩኝ። አልተቆጡም። በርጩማ አስቀመጡኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

"መምህር፣ አክስቴን እወዳቸዋለሁ። ዓይናቸውን አዲስ አበባ ድረስ ወስጄ ያሳከምኩት እኔ ነኝ። ግን አርጅተዋል። እናታቸውን በልጅነታቸው ነው ያጡት። እናቱን ያጣ ልጅ ብዙ ነገር ያያል።"

"ወረቀቷስ?"

"የልጅ መለማመጃ ናት። ልጅ የአባቱን እጅ ይቀዳል፣ ይሄ ምን ይደንቃል?" የጨርቅ ሜትራቸውን ጠቀለሉ። "ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ እነዚያን ሦስት መጻሕፍት ስሞ ይሄዳል። የታመመ ይመጣል። ነገ የጻፈቻቸው ሴት ናት ብለን ብንነግረው ምን ይቀረዋል? ምን ይቀረናል? ዛሬ ይሄ ውሸት ነበር ካልን ነገ ሁሉም ውሸት ነበር ይሉናል።"

መልስ አልነበረኝም ማለት አልችልም። ነበረኝ። በሴት ልጅ እጅ የተጻፈ ቁርኣን ከቁርኣንነቱ ምን ይጎድላል ማለት እችል ነበር። አባቷ ራሳቸው ወረቀቱን ወደ እሷ ገፉት፣ እሳቸው ያላፈሩበትን እኛ ለምን እናፍርበታለን ማለት እችል ነበር።

"ይሄ ምዕራፍ ካለ መጽሐፉ አይታተምም" አሉኝ። "ቤተሰቡ ተነጋግሮበታል። ከሌለ ግን ለማተሚያ ቤት ዝግጁ ነው። እርስዎ ይወስኑ።"

ሽፋኑ ተሠርቶ ነበር። ከመደርደሪያው አውርደው አሳዩኝ። የግንቡ ሥዕል፣ የሊቁ ስም በወርቃማ ቀለም፣ ከሥሩ የእኔ ስም። በጣቴ ዳሰስኩት።

"ይውጣ" አልኩ። ምዕራፉን ማለቴ ነው።

መጽሐፉ ሲመረቅ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ንግግር ተደረገ፣ ፎቶ ተነሣን። አንድ የባህል ቢሮ ሰው "ለትውልድ የተላለፈ አደራ" አሉት። አጨበጨቡ። ባለቤቴ በሕይወት ብትኖር ኖሮ ምን ትል እንደነበር አሰብኩ፤ ቀጥዬ ባትኖር ይሻላል አልኩ። እማማ አልመጡም፤ መራመድ አይችሉም። ግን መጽሐፉ መውጣቱን ሰምተው በልጅ ልጃቸው ላኩብኝ፤ መጥቶ ያንብብልኝ ብለው።

ሳምንት ሙሉ ምክንያት ፈጠርኩ። ወገቤን አመመኝ፣ ዝናብ ሆነ። በመጨረሻ ሄድኩ። መጽሐፉን ያዝኩ፤ የወጣውን ምዕራፍ፣ ቅጂው ቤቴ ስለነበረ፣ አጣጥፌ በመሐሉ ከተትኩ።

ልጅቷ ሥራ ላይ ነበረች። እማማ አዲስ ሻሽ አድርገው ጠበቁኝ። ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁቲ ለእኔ ብለው በፔርሙዝ አስቀምጠው ነበር። መጽሐፉን እጃቸው ላይ አኖርኩት። አሸተቱት፣ በግንባራቸው ነኩት።

"የእሷ የት ጋ ነው?"

ከፍቼ አነበብኩላቸው። መጽሐፉን በአንድ እጄ ይዤ፣ ያልታተመውን ወረቀት በላዩ ዘርግቼ። ስለ ላይኛው ክፍል፣ ስለ ሂናው፣ ስለ ጣቷ። ስሟን ከሌላው ቀስ ብዬ አነበብኩት። እሳቸው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ እኔ የምለውን ከኔ ጋር እኩል እያሉት።

ስጨርስ መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉ። "አልሐምዱሊላህ" አሉ ከዚያ። "አሁን ብሞትም ግድ የለኝም።"

ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት። መጽሐፉን ሲቀበሉኝ፣ "ገጹን እጠፍልኝ፣ ልጅቷ ስትመጣ ደግማ ታንብብልኝ" አሉኝ።

እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። አንድ ገጽ አጠፍኩ። የትኛው እንደሆነ እንኳ አላየሁም። ለምን እንዳደረግሁት ዛሬም ቢጠይቁኝ አላውቅም፤ ሳላጥፍ ብወጣ፣ መጽሐፉን ልዋሰው ብል፣ ብዙ ነገር ማድረግ ይቻል ነበር። አጥፌ ሰጠኋቸውና ደህና ዋሉ ብዬ ወጣሁ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅቷ ቤቴ መጣች። ግቢ ብላት አልገባችም። በር ላይ ቆመን ነው የተነጋገርነው።

"ያጠፉት ገጽ ላይ ያለው የምስጋና ዝርዝር ነው" አለችኝ። "መጽሐፉን ያሳተሙ ሰዎች ስም።"

የበሩን መዝጊያ ያዝኩ።

"ለአያቴ እንዳለ አነበብኩላት። መዋሸት አልችልበትም።"

"ምን አሉ?"

"'መምህሩም ዓይኑ ደክሟል ማለት ነው፣ ገጹ ተሳስቶበት ነው' አለች። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ አለችኝ። ከሥራ ስመለስ እያነበብኩ ሦስት ቀን ፈጀብን። በየገጹ 'እስቲ ቀጥዪ፣ ወደፊት ይሆናል' ትላለች። አለቀ። የመጨረሻውን ሽፋን እስክዘጋው ድረስ ስትጠብቅ ነበር።"

ምዕራፉ እንዴት እንደወጣ ነገርኳት። ሐጂን አነሳሁ፣ የቤተሰቡን ውሳኔ አነሳሁ። አዳመጠችኝ።

"ሐጂን አውቃቸዋለሁ" አለች። "ሐጂ ቃል አልገቡላትም። አልዋሿትም። ፊት ለፊት አይሆንም ነው ያሏት።" ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። "የእናቷን ስም ነግራዎታለች። ከዛሬ ጀምሮ ከአፍዎ እንዳይወጣ። ለማንም፣ የትም። ይህን ብቻ ቃል ይግቡልኝ፣ ይሄን እንኳ ይጠብቁ።"

ገባሁላት። እዚህ ላይም የማልጽፈው ስለዚያ ነው።

በማግሥቱ ወደ እማማ ሄድኩ፤ እግራቸው ላይ ልወድቅ። እንደ ወትሮው ተቀበሉኝ፤ ልጆችህ እንዴት ናቸው አሉኝ፣ ዝናቡ በሐኪም ጋራ በኩል በረታ አይደል አሉኝ። ስለ መጽሐፉ ልጀምር ስል፣ "ቁቲው ይቀዘቅዝብሃል፣ ጠጣ" አሉኝ። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሁለቴም ቁቲውን አሉኝ። ጠጥቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ስሄድ በሩን የሚከፍትልኝ ጠፋ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ።

ለቅሶ ላይ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ስለ ሊቁ አያታቸው ብዙ ተወራ። ስለ እናታቸው አንድም ሰው አልተናገረም። ሐጂን ነጥዬ ወረቀቷን ጠየቅኳቸው፤ ለልጅቷ ልመልስላት ብዬ። የእውነት ያዘኑ መሰሉኝ። ሣጥኑ እንዳለ ውጪ አገር ወዳለው ወንድማቸው ተልኮ ነበር፤ እዚህ ጣሪያው ስለሚያፈስ። ወረቀቷ ከመጻሕፍቱ ጋር ትሁን ትጣል አላስታወሱም። ደብተሬ ሱቃቸው ውስጥ ነበር፤ ዕቃ ሲያዘዋውሩ ከአሮጌ ወረቀት ጋር ሳይወጣ አይቀርም አሉ። የእኔን ቅጂ ደግሞ ራሴ ነኝ ያቃጠልኩት፤ ልጅቷ በር ላይ ቆማ በሄደችበት ዕለት። እፍረት ሰውን እንዲህ ያስደርጋል። ማስረጃ እንደማቃጥል አልታየኝም ነበር።

ባለፈው ዓመት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ደውላ መጣች። ስለ ሊቁ የመመረቂያ ጽሑፍ እየሠራች ነው። መጽሐፌን ይዛለች፤ በየገጹ ቀለም ያለው ወረቀት ለጥፋበታለች። ዓይናቸው ጠፍቶ መጻፋቸውን አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥታዋለች። አክብራኝ ነበር የመጣችው።

ነገርኳት። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ፣ የራሴንም ጥፋት ሳልሸፍን። ብዕሯን ይዛ አዳመጠችኝ፤ ግን አልጻፈችም።

"ሴትየዋ ስማቸው ማን ይባላል?" አለችኝ።

"እንዳልናገር ቃል ገብቻለሁ።"

"ጽሑፋቸውን ማየት ይቻላል?"

"የለም።"

"የቃል ምስክር?"

የልጅቷን ስልክ ሰጠኋት። እዚያው ደወለች። ድምፁ ለእኔም ይሰማኝ ነበር። ልጅቷ እስከ መጨረሻው በትሕትና አዳመጠቻትና፣ "ስለ ቤተሰባችን የተጻፈ መጽሐፍ አለ፣ እሱን ያንብቡ" ብላ ዘጋችው።

ተመራማሪዋ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አሁን የምታየኝ እንደ ደከመ ሽማግሌ ነበር።

"መምህር፣ ላምንዎት እፈልጋለሁ" አለች። "ግን እኔ መጥቀስ የምችለው የታተመውን ነው። የታተመው ደግሞ የራስዎ ነው፤ ገጽ ሰማንያ ሁለት ላይ 'ያለማንም ረዳት ጻፏቸው' ብለዋል።"

ብያለሁ። ምዕራፉ ሲወጣ የተፈጠረውን ክፍተት ለመድፈን የጨመርኳት ዐረፍተ ነገር ናት። ማንም አላዘዘኝም ነበር።

ስትነሣ መጽሐፉን ከፍታ እንድፈርምላት ጠየቀችኝ። ብዕሯን ተቀብዬ ፈረምኩላት። ሸዋ በር ድረስ ሸኘኋት፤ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ሚኒባስ ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶት ነበር።